«ብቻ አሳምርልኝ!»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከወረታ ልጀምር።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ወረታን ያገኛታል። አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው ታጥፎ በደብረ ታቦር በኩል ወልድያን ይፈልጋል። መንገደኛው መኪናው ቆም ባለበት ቅጽበት ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኮት ይገዛና ይሄዳል። ከከተማዋ ጀርባ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ነው። ጣና በምዕራብ፣ ርብ በሰሜን፣ ጉማራ በደቡብ አቅፈውታል። ክረምት ሲገባ ሜዳው ውሃ ይለብሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ገንፍለው ሕዝቡን ከቤቱ ያፈናቀሉበትን ጊዜ የማያስታውስ የአካባቢው ሰው የለም። ያው ውሃ ግን ሩዝ ያበቅላል። ዛሬ «የኢትዮጵያ ሩዝ» ሲባል ቀድሞ የሚነሣው ስም ፎገራ ነው። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተተከለው እዚሁ ወረታ ነው።

በዚህች ከተማ የአንዲት ትንሽ የማስታወቂያና የኅትመት ቤት የመጀመሪያው ተቀጣሪ ግራፊክ ዲዛይነር እኔ ነኝ። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ባለቤቱ የሚበድለኝ ሰው ስላልሆነ፣ የማነሣው ነገርም የእርሱ ብቻ ጉድ ስላልሆነ። ከእኔ በፊት ሥራ ሲመጣ ስልክ አንሥቶ ባሕር ዳር ይደውል ነበር። የባሕር ዳሩ ልጅ ሠርቶ ይልካል፤ ቤቱ ከኅትመቱ የተረፈችውን ይለቃቅማል። አንድ ቀን ሒሳቡን ቁጭ ብሎ ሲደምር «ልጅ ብንቀጥር ይሻለናል» አለ። ልጁ እኔ ሆንኩ። የቅጥር ደብዳቤዬ «ግራፊክ ዲዛይነር» ይላል። ለደንበኞቹ ሲያስተዋውቀኝ ግን «የኮምፒዩተሩ ልጅ ይኸውላችሁ» አለ። በደብዳቤውና በአንደበቱ መካከል ያለችው ርቀት ናት ይህን ጽሑፍ ያጻፈችኝ።

የመጀመሪያ መሆን ከሩቅ ሲያዩት ክብር ይመስላል። ቀርበው ሲያዩት ግን የሚጠይቁት ሰው ማጣት ነው። ከእኔ በፊት የነበረ የሥራ ፋይል የለም፤ ዋጋ የለም፤ «ይህ ልክ ነው፣ ያ ልክ አይደለም» የሚል ታላቅ ወንድም የለም። ማኅተም እቀርጻለሁ፤ የሠርግ ጥሪ እጽፋለሁ፤ የሙት ዓመት ፎቶግራፍ አጸዳለሁ፤ የምግብ ቤት ታፔላ እሠራለሁ፤ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ወረቀት ሲነክስም የምጠራው እኔው ነኝ። ይህ ሁሉ አያስከፋኝም። ሥራ ክቡር ነው ብለን አድገናልና! የሚያስከፋኝ ሁሉም ደንበኛ በሩን ከፍቶ ሲገባ የሚላት አንዲት ቃል ናት።

«ብቻ አሳምርልኝ!»

ለመሆኑ ምኑን ነው የማሳምረው? ደንበኛው ምን ማለት እንደ ፈለገ አልነገረኝም። ለማን እንደሚናገር አያውቅም። ሰሚው ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልግ አላሰበበትም። ቀድሞ የተወሰነ ሐሳብ ሳይኖር የሚመጣ ማሳመር የገማ ሥጋ ላይ በርበሬ መነስነስ ነው። ዲዛይን መኳኳል አይደለም። ዲዛይን ውሳኔ ነው፤ ዓይን መጀመሪያ የት ይረፍ? ቀጥሎ ወዴት ይሂድ? ምን ይቅር? ምን ይጉላ? ይህን የወሰነ ሰው ቀለሙ ሁለት ብቻ ቢሆንም ሥራው ያምርለታል። ይህን ያልወሰነ ሰው ቀስተ ደመናውን በሙሉ ቢደፋበትም ያው ድፍርስ ነው።

ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ብዕሬን ባላነሣሁ። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። አንድ ጊዜ ስለ ወባ የሚያስጠነቅቅ ፖስተር እንድሠራ ታዘዝኩ። ያዘዘውን መሥሪያ ቤት ስም ልተወው። የመጣልኝ ትእዛዝ እንዲህ ነበር፤ ከላይ አምስት ዓርማዎች በረድፍ፤ ከሥር የኃላፊው ፎቶግራፍ፤ ከሥሩ የመሥሪያ ቤቱ ራእይና ተልእኮ፤ በስተመጨረሻ «ቦታ ከተረፈ» ስለ አጎበርና ስለ ትኩሳት የሚናገሩት ሁለት መስመሮች። ቦታ ከተረፈ! ይህ የሆነው የት ነው? ግንቦት 1997 ዓ.ም. ላይ ካላዛር መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ሰዎች ወባ ነው እየተባለ በትኩሳት ባለቁበት በሊቦ ከምከምና በፎገራ ምድር ነው! በሽታ ከበሽታ ተምታቶ ሰው በሞተበት አገር የማስጠንቀቂያው ፊደል ከኃላፊው ከረባት እንዲያንስ የሚያዝ ሰው «አሳምርልኝ» ሲለኝ ምን ልበለው? ጉድ በል ጎንደር አለ ያገሬ ሰው!

እውነቱን ልናገር፤ የዚያን ቀን አሳመርኩለት። ኃላፊው ከረባታቸው ደምቆ ወጣ። ሁለቱ መስመሮች ከታች ተሸጉጠው ቀሩ። ፖስተሩ የጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳየው ሦስት ክንድ ርቄ ማንበብ አልቻልኩም። እኔ ነኝ የሠራሁት፤ እኔው ማንበብ አቃተኝ።

ሌላው ጉድ የዋጋ ጉዳይ ነው። በእኛ ቤት ባነር በካሬ ይሸጣል። ደረሰኙ ላይ የፕላስቲኩ ካሬ ተባዝቶ ይጻፋል፤ ቀለሙ ይታሰባል፤ ዳርና ዳሩን የሚበሳው ቀለበት ሳይቀር ይቆጠራል። ለሐሳቡ ግን መስመር የለውም። «ዲዛይኑ በነፃ ነው» ብለን በኩራት ጽፈን በር ላይ ለጥፈናል። እንዲያው አንባቢ ይፍረደኝ፤ በነፃ የሚሰጥን ነገር ማን ያከብራል? ደንበኛው ዐሥር ጊዜ «ይቺን ነካ፣ ያቺን ነካ» ቢለኝ ምን ይከፍላል? ምንም። ስለዚህ ዐሥራ አንደኛውንም ይላል። ሐሳብ በካሬ አይለካም፤ ስለማይለካም በነፃ ነው ተባለ። በዚህ ስሌት ከሄድን መድኃኒት ያዘዘው ሐኪም በወረቀቱ ስፋት ሊከፈለው ነው ማለት ነው!

ይህን ስናገር ወዳጆቼ የሚመልሱልኝ መልስ አላቸው። «አንተ ልጅ፣ ዲዛይን የአዲስ አበባ ቅንጦት ነው፤ የፈረንጅ ነገር ነው። እዚህ ገበሬና ወፍጮ ነው ያለው» ይሉኛል። መልሱ ላይ ላዩን ሲያዩት ልክ ይመስላል። ነገር ግን እስቲ ከወረታ ወደ ምዕራብ ዓይናችንን ወደ ጣና እንወርውር። በደሴቶቹ ገዳማት ያሉትን የብራና መጻሕፍት የጻፉት ሰዎች ማን ነበሩ? ጸሐፊው ብራናውን ፍቆና ወጥሮ ካዘጋጀ በኋላ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት በወስፌ ጠርዙን ይወጋል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ቀለም የሌለው መስመር ያሰምራል። ኅዳጉን ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ አድርጎ ይተዋል። የገጹን ዓምድ ይከፍላል። ጥቁሩን ለንባቡ፣ ቀዩን ለቅዱሳን ስምና ለአርእስቱ ይለያል። ይህ ሁሉ ምንድን ነው? ዓይን የት ቀድሞ ይረፍ የሚለው ውሳኔ አይደለምን? ያ ጸሐፊ «ግራፊክ ዲዛይነር» የሚል ደብዳቤ አልነበረውም፤ ሙያው ግን ነበረው። ደግሞ ልብ በሉልኝ፤ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ «ይህን የጻፈውን እገሌን በጸሎታችሁ አስቡት» ብሎ ስሙን የሚያኖር ጸሐፊ ብዙ ነው። እኛ ግን ዛሬ እንኳን ስማችንን ልናኖር የደንበኛውንም ስም የምናኖርበት ቦታ ከጠፋን ቆየን።

ዘመኑም ቢሆን ባዶ አልነበረም። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አዲስ አበባ ላይ ሲከፍቱ ለሳሎን ጌጥ የሚሆን ሥዕል ብቻ ለማስተማር አልነበረም። ኀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪዝም ሥራውን ባቋቋሙ ጊዜ አገራችንን በዓለም ፊት ያስተዋወቋት በፖስተርና የ13 ወር ፀሐይ ባለቤት ናት በሚል አንድ መስመር ሐሳብ ነው። ልብ ይባል! ፀሐይዋን አልፈጠሯትም፤ ጳጉሜንም አልፈጠሯትም። ሁለቱም የነበሩ ናቸው። የእርሳቸው ሥራ ያለንን ነገር በስሙ መጥራት ነበር። እኔ ዲዛይን የምለው ይህን ነው።

ፊደላችንስ? ስለ ፊደል ካላነሣሁ አንጀቴ አይርስም። ግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ የየራሱ ቁጥር ነበረውና አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲከፍተው የቃል ፍርስራሽ ነበር የሚያገኘው። ያን ጊዜ አለፍነው ስንል ዛሬም በፍላሽ የሚመጣልኝ የድሮ ፋይል ሲከፈት የጥያቄ ምልክትና የዶላር ምልክት ተደባልቆ ይጠብቀኛል። ቁጭ ብዬ እንደገና እተይበዋለሁ፤ እሱም «በነፃ» ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ አንድ አዲስ የፊደል ዓይነት ለማውረድ እንኳ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ፈልጌ ፍላሽ ልኬ ነበር። ያ ሁሉ ደክሞ የመጣውን ፊደል ደንበኛው ምን ያደርገዋል? «ጎተት አድርገውና ባነሩን ይሙላልኝ» ይላል። «ሀ» ተጨፍልቃ እንደ ገበታ ትተኛለች፤ «ቀ» ሆዷ ተነፍቶ ልትፈነዳ ትደርሳለች። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ግን ከላይ በትልቁ፣ በወጉ፣ ሳይነካ ይቀመጣል። የሚያነበው ማን ነው? ማንም። ገበያተኛው አማርኛውንም ማንበብ ያቃተው ተጎትቶ ቅርጹ ስለ ጠፋ ነው።

እንግዲህ ወደ ሩዙ ልመለስ። የዚህ ጽሑፍ ሆድ እሱ ነውና።

ሩዝ ፎገራ ሜዳ ላይ እንደ ልብ መዘራት የጀመረው በ1970ዎቹ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ከአካባቢው የአምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር በሠሩበት ጊዜ ነው። ከማኅበራቱ አንዱ ጅግና ነበር፤ ገበሬው የወደደው ዝርያም «ኤክስ ጅግና» እየተባለ እስከ ዛሬ ስሙ ይጠራል። ከዚያ በፊት ያ ረግረግ ወተት አጠባቧ የተመሰከረላት የፎገራ ላም የምትግጥበት ነበር። ዛሬ ሩዙ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፤ ጠላና አረቄ ይጠመቅበታል፤ ገለባው ከብት ይመግባል፤ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ በቀረችው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። በአንድ ትውልድ ዕድሜ አንድ ሜዳ ኑሮውን ለወጠ። ይህን የሚያህል ታሪክ ያለው ሩዝ ወረታ ላይ ተፈልፍሎ ገበያ ሲወጣ በምን ውስጥ ነው የሚወጣው?

በማዳበሪያ! አገራችን ውስጥ የፕላስቲክ ጆንያ ስሙ «ማዳበሪያ» ነው። ከሰል ቢገባበትም ማዳበሪያ ነው፤ ሩዝ ቢገባበትም ማዳበሪያ ነው። መጀመሪያ ይዞት የመጣው ዕቃ ስም በላዩ ላይ ቀረ። እንግዲህ ስም እንዲህ ያለ ኀይል አለው! ይህን ገበያተኛው ሁሉ ያውቃል፤ ነጋዴው ደግሞ ከሁሉም አብልጦ ያውቃል።

አንድ ነጋዴ ባዶ ማዳበሪያ አጣጥፎ ወደ ቤታችን መጣ። ከባሕር ማዶ የመጣ ሩዝ የነበረበት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋውና «ይኸን የመሰለ ሥራልኝ። ስሙን ትንሽ ለወጥ፣ ሥዕሉን እንዳለ። ብቻ አሳምርልኝ» አለ። ሥዕሉ ጉልላቱ ወርቅ የተቀባ የሩቅ አገር ቤተ መንግሥት ነው። ከሥሩ «ረጅም ፍሬ» ይላል። ሩዙ ግን ከዚሁ ከሜዳው የታጨደ፣ ፍሬውም እንደዚያ ያልረዘመ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን ስለ ዕቃው ምንጭና ዓይነት ማሳሳትን ከልክሏል። ያን ቀን አዋጁን አላውቅም ነበር ብል ማን ያምነኛል? አዋጁን ባላውቅ ውሸት መሆኑን አጣሁት? ሁለት ፊደል ለወጥኩ፤ ጉልላቱን አወረቅሁ፤ ሰጠሁት። የእምዬን ወደ አብዬ ማለት ይኸው ነው። ባለቤታችን ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «አየህ፣ አንተን መቅጠሬ ለዚህ ነው» አለኝ።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ለአንድ የሩዝ መፈልፈያ ታፔላ ልለካ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ የእኔ ማዳበሪያዎች ተደርድረዋል። አንድ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ሩዛቸውን አስፈልፍለው ሸጠው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ሲሞላ ያያሉ። እኔን ሲያዩ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይኼ ጽሑፍ ምን ይላል?»

አነበብኩላቸው።

«የማን ስም ነው?»

«የማንም አይደለም አባባ። እንዲሁ የወጣ ስም ነው።»

«ውስጡስ ያለው?»

«ሩዝ ነው።»

«እሱንማ እኔው አይደለሁ እንዴ ያመጣሁት!» ብለው ሳቁ። ትንሽ ቆዩና ሳይቆጡ፣ ድምፃቸውንም ሳያነሡ «ታዲያ ምነው እኛን አፈራችሁብን?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ከማጣትም የከፋ አደረግሁ፤ «እኔ ነኝ የሠራሁት» ማለት እየተገባኝ ዝም አልኩ። ዝም ማለት የቻልኩት ለምንድን ነው? ስሜ የለበትማ! ማዳበሪያው የነጋዴው ስም የለበትም፤ የወፍጮው ስም የለበትም፤ የገበሬው አገር የለበትም፤ የሠራው እጅ የለበትም። ሁላችንም ከአንድ ወርቅ ጉልላት ጀርባ ተደብቀናል። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ የገባኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ስም አልባነት ድህነት ብቻ አይደለም፤ መሸሸጊያም ነው።

በማግስቱ ሳልታዘዝ ሌላ ማዳበሪያ ሠራሁ። ቀለሙ ሁለት ብቻ፤ እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ፕሌት ስለሚጠይቅ ሁለት ቀለም ርካሽ ነው። በትልቁ፣ ባልተጎተተ ፊደል፣ «የፎገራ ሩዝ»። ከሥሩ ዝርያው፣ የተፈለፈለበት ወርና ዓመት፣ ክብደቱ፣ የወፍጮ ቤቱ ስምና ስልክ። ለዚያው ነጋዴ አሳየሁት። አየውና በትዕግሥት እንደ ልጅ አስረዳኝ፤ «ፎገራ ብለህ ከጻፍክማ ዋጋው ይወርዳል። ሰው የሚያውቀው ድንጋይ አለው፣ ስብርባሪ አለው ብሎ ነው» አለኝ።

ይህን ክርክር የናቀ ሰው ነገሩን አልተረዳውም። ነጋዴው አልዋሸም። ያገር ውስጡ ሩዝ ከውጭው ያነሰ ዋጋ የሚያወጣው በከንቱ አይደለም፤ አወቃቃቱ፣ ማድረቂያው፣ መፈልፈያው፣ ማበጠሪያው ላይ ገና ብዙ ሥራ አለ። ዲዛይነር ድንጋይ ከሩዝ አይለቅምም፤ ዓርማ ብቻውን ስም አይሠራም። ነገር ግን ነጋዴውን መልሼ ልጠይቀው፤ ጥሩ ጥሩውን መርጠህ በሰው አገር ስም ከሸጥከው፣ ድንጋይ ያለበትን ብቻ «ፎገራ» ብለህ ካወጣኸው፣ ፎገራ የሚለው ስም መቼና በምን ተአምር ይቃናል? መልካሙ ሁሉ ለእንግዳ ስም፣ ክፉው ሁሉ ለእናት ስም ተከፋፈለ። ከዚያ «ስማችን አይሸጥም» እንላለን። ሰው ልጁን በየቀኑ እያዋረደ «ልጄ አይከበርም» ብሎ ያለቅሳል?

ስም የሚሸጥ መሆኑን ደግሞ ከቡና ተምረናል። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ በ1997 ዓ.ም. ጥያቄ ስታቀርብ ነገሩ ከስታርባክስ ጋር እስከ መነታረክ አደረሰ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ኩባንያው ስምምነት ፈርሞ ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ተቀበለ። የዓለም ትልቅ የቡና ነጋዴ የተነታረከበት ነገር ቡናው ነው? አይደለም፤ ቡናውንማ ይገዛ ነበር። የተነታረከው ስሙ ላይ ነው። እኛ ወረታ ላይ ቁጭ ብለን በገዛ እጃችን የምንፍቀውን ነገር ሌሎች በጠበቃ ይፈልጉታል!

ወደ ራሳችን ወደ ባለሙያዎቹ ልምጣ፤ ሰውን ወቅሶ ራስን ማዳን አይሆንምና። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በተቀጣሪ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው ይላል። ይሁን፤ ደመወዝ በልተናል። ነገር ግን ያው አዋጅ የሥራው አመንጪ ተብሎ የመታወቅን የሞራል መብት ለሠሪው ያስቀምጥለታል። ስንቶቻችን ነን ይህን መብት የምንጠይቀው? የማንጠይቀው ትሑታን ስለሆንን አይመስለኝም። ስማችን ከሥራችን ግርጌ ቢጻፍ ግማሹን ሥራችንን አንሠራውም ነበር። የተሰረቀውን ጉልላት፣ የተጎተተውን «ሀ»፣ ከከረባት ያነሰውን ማስጠንቀቂያ በስሙ የሚያወጣ ማን አለ? ስም ክብር ብቻ አይደለም፤ ስም ዕዳ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የምንለው እኮ ዕዳውም አብሮ ስለሚውል ነው።

እንግዲህ በየከተማው «አንድ ልጅ ብንቀጥር» ብላችሁ የምታስቡ ባለቤቶች ሆይ፣ ይህን ስሙኝ። ልጁን ከመቅጠራችሁ በፊት ሦስት ነገር ቁረጡ። አንደኛ፣ ደረሰኙ ላይ ለሐሳብ አንድ መስመር ክፈቱ፤ ዐሥር ብርም ብትሆን ትጻፍ፤ የተጻፈች ዋጋ ነገ ታድጋለች፤ ያልተጻፈች አትወለድም። ሁለተኛ፣ ደንበኛው ለማን ምን ማለት እንደሚፈልግ በወረቀት ሳይጽፍ ሥራ አይጀመር። ለመጻፍ ከከበደው ቁጭ ብላችሁ ጠይቁትና ጻፉለት፤ የሥራው ግማሽ እሷ ናት። ሦስተኛ፣ ልጁ «ይህን አልሠራም» የሚልበት በር ተዉለት። ይህ በር የሌለው ሰው ባለሙያ አይደለም፤ እጅ ነው። እጅ ብቻ ከፈለጋችሁ ደግሞ ማሽን ግዙ፤ ምሳ አይበላባችሁም።

እኔ ያን በር በራሴ ከፍቼ ሞከርኩት። ነጋዴው ሁለተኛውን ዙር ማዳበሪያ ሊያሠራ ሲመጣ «ጋሼ፣ ይህን አልሠራም» አልኩት። ባለቤታችን አልተቆጣም። «አንተ ካልሠራኸው ባሕር ዳር ይሠሩታል» አለኝ ብቻ። እውነቱን ነው፤ በሁለት ቀን ሠሩት። ጉልላቱም ከእኔው ይልቅ አምሮ ወጣ። በዚያ ወር ደመወዝ ዘገየ፤ ምክንያቱን የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጀግና ነኝ ለማለት አይደለም የማወራው። እምቢ ማለቴ አንድ ማዳበሪያ እንኳ ከገበያ አላነሣም።

ሆኖም ያቺ ሁለት ቀለም ማዳበሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጣ ሳለ አንድ ትንሽ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው አያትና «ይቺ ምንድን ናት?» አለ። ርካሽ መሆኗን ሲሰማ ሁለት መቶ አሠራ። እውነቱን ለመናገር የገዛት ለፎገራ ክብር ሳይሆን ለቀለሙ ማነስ ነው። ወር ሳይሞላ ግን ፊቱ ጠቁሮ መጣ። አንዲት ሴት ከባሕር ዳር ደውላ ሩዙ ውስጥ ጠጠር አግኝታ ጥርሷን እንደ ነካት፣ ለጎረቤቶቿም እንደምትናገር ነግራዋለች። «ስልኬን ባትጽፍብኝ ኖሮ በምን ታገኘኝ ነበር?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ሰማሁት። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ቆም ብሎ «ለመሆኑ ደህና ወንፊት የት ይገኛል?» ሲል ባለቤታችንን ጠየቀው።

ወንፊቱን ገዛ። ያቺን ወንፊት የገዛው ዓዋጅ አይደለም፤ ሥልጠና አይደለም፤ ማዳበሪያው ላይ የተጻፈች አንዲት የስልክ ቁጥር ናት። ማሳመር የምትሉኝ ይህን ከሆነ፣ እሺ፣ አሳምራለሁ።

ያን አዛውንት ከዚያ በኋላ አላገኘኋቸውም። ባገኛቸው ያቺን ማዳበሪያ አንብቤ ላሰማቸው እሻለሁ፤ ከሁሉ በፊት ግን የበፊቱን የሠራሁት እኔ መሆኔን መናገር ይኖርብኛል። እናንተም ሩዝ ስትገዙ እስቲ ማዳበሪያውን አገላብጡት። ጉልላት ካያችሁ፣ ከጉልላቱ ጀርባ ማን እንዳለ ሻጩን ጠይቁት።